ባሌት ከሕፃንነት እስከ መድረክ፦ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ልጄ ባሌት ከጀመረች 11 ዓመት ሆኗታል፤ ከቅዳሴ በኋላ፣ በልደት ግብዣና በቴሌግራም የሚጠየቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልጄን በስንት ዓመቷ ላስጀምራት?

ከ3 ዓመት ጀምሮ የሚቀበሉ ክፍሎች አሉ። ግን በ3 ዓመቷ የጀመረችና በ7 ዓመቷ የጀመረች ልጅ 11 ዓመት ሲሞላቸው ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ የትኛዋ ቀድማ እንደጀመረች መለየት ይከብዳል። የምር ትምህርቱ የሚጀምረው 7 ወይም 8 ዓመት ላይ ነው። በዚያ ዕድሜ ልጅ ቀኝና ግራዋን ለይታለች፣ የተነገራትን ትይዛለች፣ ዝም ብሎ መቆምም ትችላለች።

ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች እንኳ አይቸኩሉም። በ1738 የተመሠረተው የሴንት ፒተርስበርጉ ቫጋኖቫ አካዳሚ ልጆችን ለሙሉ ሥልጠና የሚቀበለው 10 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። የእንግሊዙ ሮያል ባሌት ስኩልም አዳሪ ተማሪ የሚወስደው ከ11 ዓመት ጀምሮ ነው። የ5 ዓመት ልጅ ይዛችሁ «ረፈደብን» አትበሉ።

የ4 ዓመት ልጄ ክፍል ውስጥ ስትሮጥ ብቻ ነው የማየው። ለዚህ ነው የምከፍለው?

አዎ፣ ለዚሁ ነው። ሙዚቃው ሲቆም መቆም፣ ተራ መጠበቅ፣ ከጎን ካለችው ልጅ ጋር ሳይጋጩ መሮጥ፣ በአንድ እግር መዝለል፣ እነዚህ ሁሉ ኋላ ላይ የሚያስፈልጉ ናቸው። የልጄ የመጀመሪያ አስተማሪ ወለሉ ላይ ባለ ቀለም ሻርፖች ትዘረጋ ነበር። ልጆቹ በሻርፖቹ ላይ እየዘለሉ ያልፋሉ። ለእነሱ ወንዝ መሻገር ነው። ከዓመታት በኋላ ያው ዝላይ ግራን ጄቴ የሚባለው ትልቁ ዝላይ ሆኖ መጣ።

በዚህ ዕድሜ መኖር የሌለበት ነገር አለ። የልጅን ጉልበት በእጅ ተጭኖ ወደ ወለል ማውረድ፣ ስፕሊት (ሁለት እግርን እስከ ወለል ከፍቶ መዘርጋት) እንድትወርድ ትከሻዋን መጫን፣ እግሯን በግድ ወደ ውጭ ማዞር። እንዲህ የሚያደርግ አስተማሪ ካያችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። የወሩን ክፍያ ብትከስሩም ውጡ።

ለመጀመሪያው ቀን ምን ልግዛላት?

ሊዮታርድ (ገላ ላይ ልክክ የሚል አንድ ወጥ የዳንስ ልብስ)፣ ታይትና ለስላሳ የባሌት ጫማ ይበቃሉ። ጫማው ከቆዳ ወይም ከሸራ የተሠራ ሆኖ እግሯ ላይ ልክክ ማለት አለበት። እኛ ቤት «ታድግበታለች» ተብሎ በአንድ ቁጥር የበለጠ መግዛት የተለመደ ነው። እዚህ ግን አይሠራም። ሰፊ ጫማ ያንሸራትታል፤ አስተማሪዋም ጣቶቿ ምን እየሠሩ እንደሆነ ማየት አትችልም።

የታይትና የጫማ ቀለም ለኛ ልጆች ትርጉም አለው። ሮዝ የተለመደው የነጭ ቆዳን መልክ ለመከተል ነው፤ ዓላማው ከዳሌ እስከ ጣት ያለው መስመር ሳይቆረጥ እንዲታይ ነበር። በ1969 በአርተር ሚቸልና በካረል ሹክ የተመሠረተው ዳንስ ቲያትር ኦቭ ሃርለም ዳንሰኞቹ የየራሳቸውን የቆዳ ቀለም ታይትና ጫማ እንዲለብሱ ማድረግ የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። ፍሪድ ኦቭ ለንደን የተባለው ጫማ ሠሪ ግን ባሌት ብላክ ከተባለው ቡድን ጋር ሆኖ ቡናማ የፖይንት ጫማ፣ ማለትም በጣት ጫፍ የሚቆሙበትን ጠንካራ ጫማ፣ ያወጣው በ2018 ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ጥቁር ዳንሰኞች ሮዙን ጫማ ፋውንዴሽን በሚባለው የፊት መዋቢያ እየቀቡ ነበር የሚለብሱት። ትምህርት ቤቱ የቆዳዋን ቀለም ይፈቅድ እንደሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ። ብዙዎቹ አሁን ይፈቅዳሉ።

ፀጉርን በተመለከተ፣ ቀጭን ሹሩባ ወደ ኋላ ተሠርቶ ጫፉ ከተጠቀለለ ጥሩ ቡን ይወጣዋል። ፒኖቹን ከዳር ወደ መሀል አስገቡ፤ ከላይ ወደ ታች ከተሰኩ በመጀመሪያው ዙር ይበተናሉ።

ከ7 ዓመት በኋላ ምን ይለወጣል?

ባሩ ይመጣል። ባር ማለት ግድግዳው ላይ ወይም በቋሚ እግር ላይ የተገጠመው ረጅም መደገፊያ ዘንግ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ባሩ አዙረው በሁለት እጅ ይይዙታል። ፕሊዬ ይሠራሉ፤ ጉልበት ማጠፍ ነው። ታንዱ ይሠራሉ፤ እግርን ወለሉን እያስታከኩ እስከ ጣት ጫፍ መዘርጋት ነው። የእኔዋ በመጀመሪያው ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ እያየች ነው ያሳለፈችው። በመስኮት አይቼ «ይቺ ልጅ መቼ ነው የምትደንሰው?» ብዬ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጎኗን ሰጥታ በአንድ እጅ ያዘች። ያን ጊዜ ነው ጀርባዋ ምን ያህል ቀጥ እንዳለ ያየሁት።

የአንድ ክፍል ቅደም ተከተል ከዚያ በኋላ ብዙም አይለወጥም። ባር ላይ ከፕሊዬ ተነሥቶ እስከ ትልቁ የእግር ውርወራ ይኬዳል። ቀጥሎ ባሩ ይለቀቅና መሀል ወለል ላይ ቀስ ያለው አዳጂዮ ይመጣል። ከዚያ ፒሩዌት የሚባለው በአንድ እግር መሽከርከር፣ ትንንሽ ዝላዮች፣ በመጨረሻም ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ የሚያቋርጡት ትልልቅ ዝላዮች። ማብቂያው ላይ ለአስተማሪውና ለፒያኖ ተጫዋቹ እጅ ይነሣል። የ8 ዓመት ልጅም፣ ኦፔራ ቤት የሚሠራ ዋና ዳንሰኛም ቀናቸውን የሚጀምሩት በዚያው ፕሊዬ ነው። የሚለየው ፍጥነቱ፣ የቅንብሩ ርዝመትና አስተማሪው አንዴ አሳይቶ «በሉ» የሚለው ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እወቁ። እግር ወደ ውጭ የሚዞረው ከዳሌ ነው። ልጅቷ ጫማዋን ብቻ ወደ ጎን ጠምዝዛ ጉልበቷ ወደ ፊት ካየ፣ ጫናው ሁሉ ጉልበቷ ላይ ያርፋል። ቤት ስትለማመድ ጉልበቷን ስታጥፍ እዩዋት። ጉልበቷ ከሁለተኛው የእግር ጣቷ በላይ መሄድ አለበት።

ስሙ ሁሉ ለምን በፈረንሳይኛ ሆነ?

የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1661 የንጉሣዊ ዳንስ አካዳሚ አቋቋመ። አምስቱን የእግር አቋቋሞች መልክ በማስያዝ ስሙ የሚነሣው ፒየር ቦሻምም የዚያ ቤተ መንግሥት ሰው ነበር። ቃላቱ ከዚያ ቀሩ። ፕሊዬ «የታጠፈ»፣ ታንዱ «የተዘረጋ»፣ ጄቴ «የተወረወረ» ማለት ነው። ጥቅሙ ደግሞ ትልቅ ነው። ቤተሰብ አገር ሲቀይር ልጅቷ ቋንቋውን ባታውቅም በመጀመሪያው ቀን ባር ላይ ቆማ ከክፍሉ ጋር እኩል ትሠራለች። ከስቶክሆልም ወደ ሜሪላንድ ከመጣች ልጅ ጋር ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ።

«ግሬድ 3»፣ «ቫጋኖቫ»፣ «ቼኬቲ» ሲሉ ግራ ይገባኛል። የትኛው ይሻላል?

በ1920 ለንደን የተቋቋመው ሮያል አካዳሚ ኦቭ ዳንስ በብዙ አገር ፈተና ይሰጣል። ከፕራይመሪ ተነሥቶ ከግሬድ 1 እስከ 8 ይሄዳል። ከዚህ ጎን ለጎን ሙያውን ጠበቅ አድርገው ለያዙ ልጆች ሌላ መሰላል አለው። እሱ ከ11 ዓመት ገደማ ጀምሮ ኢንተርሚዲየት ፋውንዴሽን ከሚባለው ተነሥቶ እስከ አድቫንስድ 2 ይወጣል። ስለዚህ «ግሬድ 8 ጨርሳለች» ማለትና «አድቫንስድ 2 አልፋለች» ማለት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ብዙ ይከብዳል።

ቫጋኖቫ የሩሲያው መንገድ ነው። አግሪፒና ቫጋኖቫ (1879–1951) ትምህርቱን በ8 ዓመት ከፋፍላ፣ በየትኛው ዓመት የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚጨመር ወስናለች። ጀርባ፣ ክንድና ጭንቅላት ከእግር ጋር አብረው እንዲሠሩ ታደርጋለች። ቼኬቲ የጣልያናዊው ኤንሪኮ ቼኬቲ ነው። ለሳምንቱ ለእያንዳንዱ ቀን የተወሰነ ልምምድ አለው፤ ሚዛንና ንጹሕ አሠራር ላይ ያተኩራል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከዚህም ከዚያም ቀላቅለው «ሌቭል 1፣ ሌቭል 2» እያሉ የራሳቸውን ሠርተዋል። የአንዱ ሌቭል 4 የሌላው ሌቭል 6 ሊሆን ይችላል።

የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ ከስሙ ይልቅ አስተማሪውን እዩ። ከፍ ያሉትን ክፍሎች ተማሪዎች ቆማችሁ ተመልከቱ። ጉልበታቸው ቀጥ፣ አንገታቸው ረጅምና ዘና ያለ፣ ሲዘሉ አስተራረፋቸው ድምፅ የሌለው ከሆነ ቤቱ ጥሩ ነው።

ጓደኞቿ ወደ ላይኛው ሌቭል ሲያልፉ እሷ ቀረች። ጥፋቷ ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ ጥፋት የለም። ባሌት እንደ ትምህርት ቤት ክፍል በየዓመቱ አያሳልፍም። በአንድ ሌቭል ሁለት ዓመት መቆየት የተለመደ ነው፤ አንዳንዴ ሦስትም ይሆናል። ይህንን ለወላጅ አስቀድሞ የሚነግር ሰው ስለሌለ ነው ቤት የሚረበሸው። እኛ ደግሞ «ልጄ ወደቀች» የሚለውን ቃል ቶሎ እናነሣለን።

በተለይ ከ11 እስከ 13 ዓመት ያለው ጊዜ ከባድ ነው። ቁመት ሲመዘዝ አጥንት ከጡንቻ ቀድሞ ይረዝማል። ትናንት የነበረ መተጣጠፍ ዛሬ ይጠፋል። የእኔዋ በ12 ዓመቷ በአንድ ክረምት ሱሪዎቿ ሁሉ አጠሩባት። በመስከረም ስትመለስ በደንብ ትሠራው የነበረው ሁለት ዙር ፒሩዌት እምቢ አላት። መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ሳታስር ተቀምጣ «ሰውነቴን አላውቀውም» አለችኝ። እስከ ሚያዝያ ድረስ አልተመለሰም። በዚያ ጊዜ አስተማሪዋ ዝላይ ቀንሳ የሆድና የጀርባ ጡንቻ ማጠናከሪያ ጨመረችላት። ቀና አስተማሪ ማለት ይህ ነው።

ልጃችሁ ከቀረች አስተማሪዋን «ለምን ቀረች?» ከማለት «ለሚቀጥለው ሌቭል ምን ምን ይቀራታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ወይም ሦስት የሚሠራ ነገር ይነገራችኋል።

ፖይንት ጫማ መቼ ነው የምትለብሰው? ሁሌ የምትጠይቀኝ እሱን ነው።

ማሪ ታሊዮኒ በ1832 ፓሪስ ላይ በጣት ጫፍ ቆማ ከደነሰች ወዲህ የእያንዳንዷ ሕፃን ሕልም ይኸው ነው። ብዙ አስተማሪዎች 11 ወይም 12 ዓመት ሳይሞላ አይፈቅዱም። ዕድሜ ብቻውንም አይበቃም። ቢያንስ ሦስት ዓመት ያህል የደንቡን ሥልጠና ያገኘች፣ በሳምንትም ከሁለት ቀን በላይ የምትሠራ መሆን አለባት። አስተማሪዎች የሚፈትኑበት መንገድ አለ። በአንድ እግር ቆማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ ተረከዟን 20 ጊዜ ያህል ማንሣት ትችላለች? እግሯን ስትዘረጋ የእግሯ ጀርባ ከቅልጥሟ ጋር አንድ መስመር ይሆናል? ወገቧ ሳይጎብጥ በአንድ እግር ሚዛኗን ትጠብቃለች? የ9 ዓመት ልጅን ፖይንት ላይ የሚያወጣ ትምህርት ቤት ካያችሁ ራቁ። በዚያ ዕድሜ የእግር አጥንት ገና በማደግ ላይ ነው፤ ጡንቻውም አይሸከማትም።

«ውስጡ ብረት አለው ወይ? እንጨት ነው ወይ?» የሚሉኝ አሉ። የለውም። የጫማው ጫፍ ጨርቅና ወረቀት በሙጫ ተደራርቦ የደረቀ ነው፤ ከሥር ደግሞ እግርን የሚደግፍ ጠንካራ ሶል አለ። ጫማው ይደግፋል እንጂ አያነሣም፤ የሚያነሣት የራሷ ባትና ቁርጭምጭሚት ነው። የመጀመሪያውን ጥንድ ከኢንተርኔት አትግዙ። ልካ የምታስገጥም ባለሙያ ያለችበት ሱቅ ሂዱ፤ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። እዚህም «ታድግበታለች» የለም። በመጀመሪያው ዓመት ልጅቷ ጫማውን የምታደርገው በክፍሉ መጨረሻ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ፣ ባሩን በሁለት እጇ ይዛ ነው።

ጫማው ሪባንና ላስቲክ ሳይሰፋለት ነው የሚሸጠው። ያን ቀን ማታ ሳሎን ተቀምጠን እኔ አንዱን፣ እሷ አንዱን ሰፋን። ጠንካራ ክር ስናጣ የጥርስ ማጽጃ ክር ተጠቀምን፤ እንዲያውም ከሁሉ የበለጠ እሱ ቆየ። ተረከዙን ወደ ውስጥ ወደ ፊት እጠፉት፤ እጥፉ ጎኑ ላይ የሚሠራው ማዕዘን የሪባኑ ቦታ ነው። በጫማው አፍ ዙሪያ የሚያልፈውን ማጥበቂያ ገመድ ግን በመርፌ እንዳትወጉት። እኔ ወግቼው ገመዱ አልሳብ ብሎ ሙሉውን መልሼ ፈትቻለሁ። ጀማሪ ልጅ አንዱን ጥንድ ለወራት ታደርገዋለች። ዋና ዳንሰኛ ግን በአንድ ምሽት ትርዒት ልትጨርሰው ትችላለች።

ወንድ ልጄ ፈለገ። አባቱ ግን «የሴት ነገር ነው» አለ።

አካዳሚውን ያቋቋመው ሉዊ 14ኛ ራሱ በወጣትነቱ መድረክ ላይ የሚደንስ ንጉሥ ነበር። ወንዶች ባሩን ከሴቶች ጋር ይሠራሉ። ከ10 ወይም ከ11 ዓመት በኋላ ግን ለብቻቸው የሚማሩት ይበዛል። አየር ላይ ሙሉ ዙር መዞር፣ ከፍ ያለ ዝላይ፣ ፑሽአፕና የትከሻ ማጠናከሪያ። 15 እና 16 ዓመት ገደማ ጥንድ ዳንስ ይጀምራሉ፤ ሴቷን በሁለት እጅ ከራስ በላይ አንሥቶ፣ ሳያንቀጠቅጥ፣ መልሶ ማውረድ። ለዚያ የሚያስፈልገውን ጉልበት አባቱ ቢያየው አስተያየቱ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ። ወስዳችሁ ልምምድ አሳዩት። ወንዶች ጥቂት ስለሆኑም ብዙ ትምህርት ቤቶች ክፍያ ይቀንሱላቸዋል ወይም በነጻ ያስተምሯቸዋል፤ ጠይቁ።

እስክስታ የለመደች ልጅ ባሌት ይከብዳታል?

ጆሮዋ ቀድሟል። ከሕፃንነቷ ችክችካ እየሰማች ያደገች ልጅ ምትን አትስትም። የእኔዋን ገና በ6 ዓመቷ «ሙዚቃውን ትሰማዋለች» ብለው ነበር የጻፉላት።

የሚቸግረው ትከሻ ነው። እስክስታ ላይ ሁሉ ነገር ትከሻ ነው። ባሌት ላይ ትከሻ ወርዶ ጸጥ ይላል፤ የክንዱ እንቅስቃሴ ከጀርባ ይመጣል። ደግሞ የኛ ጭፈራ ጉልበትን ላላ አድርጎ ወደ መሬት ያደላል፤ ባሌት ወደ ላይ ይጎትታል። ልጆች ግን ሁለቱን እንደ ሁለት ቋንቋ ይለያሉ። ያለፈው ዓመት ሰርግ ላይ ሦስት ሰዓት ጨፍራ፣ በማግስቱ ጠዋት ባር ላይ ትከሻዋ አልተነሣም። እስክስታዋን አስተዉአት የሚል አስተማሪ አላጋጠመኝም፤ ቢያጋጥመኝም አልሰማውም።

በሳምንት ስንት ቀን ይበቃል?

እስከ 7 ዓመት አንድ ቀን፣ 45 ደቂቃ። ከ8 እስከ 10 ሁለት ወይም ሦስት ቀን። ከ11 እስከ 13 ከሦስት እስከ አምስት ቀን። ከ14 በኋላ ሙያ የምታስብ ከሆነ አምስት ወይም ስድስት ቀን፣ በሳምንት ከ15 ሰዓት በላይ ይሆናል። ለደስታዋ የምትሠራ ከሆነ ግን በ14 ዓመቷም ሁለት ቀን በቂ ነው፤ ማንም እንዳያሳፍራችሁ።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነትክራከር የሚባለው የገና ትርዒት ልምምድ ቅዳሜና እሑድን ይበላል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ፣ ከሰዓት ልምምድ ነው። ክፍል ከመመዝገባችሁ በፊት የልምምዱን ሰዓት ጠይቁ። እኛ ከአስተማሪዋ ጋር ተነጋግረን እሑድ ከሰዓት ብቻ እንድትሆን አድርገናል፤ ማንም ክፉ አላየንም።

ጾም ላይስ? ከልምምድ ጋር ይሄዳል?

ይህን ለአንድ ወገን ብቻ አትተዉት፤ ከነፍስ አባታችሁም ከልጆች ሐኪማችሁም ጋር ተነጋገሩ። የጾም ምግቡ ራሱ ደካማ አይደለም። ምስር፣ ሽሮ፣ የጤፍ እንጀራ፣ ጎመን፣ ተልባና ሱፍ ብዙ ነገር ይይዛሉ። ከባዱ ነገር ጠዋት ምንም ሳይበሉ ትምህርት ቤት ውሎ፣ ከዚያ ሦስትና አራት ሰዓት መዝለል ነው። የምታድግ ልጅ ባዶ ሆዷን እንድትዘል አይደረግም። እኛ ቤት ምግቡ የጾም ሆኖ ሰዓቱ ላይ ግን የነፍስ አባቷ አቅልለውላታል። ለልምምድ ከመውጣቷ በፊት ዳቦ በለውዝ ቅቤ ትበላለች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም።

ምልክቶችን ዕወቁ። 15 ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ካልመጣ ወይም መጥቶ ለሦስት ወር ከቆመ፣ ወይም አጥንቷ ደጋግሞ ከተጎዳ፣ በቂ እየበላች ላይሆን ይችላል፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። «የዳንሰኛ ወግ ነው» የሚል ሰው አትስሙ። ቤት ውስጥም አፋችንን እንጠብቅ። አክስት ስትመጣ «ወፍረሻል፣ አምሮብሻል» ብላ በፍቅር ትናገራለች። ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ለምትውል የ13 ዓመት ልጅ ግን ያቺ ቃል ሌላ ትሆናለች። እኔ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት አስቀድሜ ደውዬ እነግራለሁ።

«አመመኝ» ስትል መቼ ነው የምጨነቀው?

ሁለቱም እግር ላይ እኩል የተሰማ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን የሚለቅ የጡንቻ ሕመም የሥራ ሕመም ነው። በአንድ ጣት «እዚህ ጋ» ብላ የምታሳየው፣ አጥንት ላይ ያለ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ወይም ያበጠ ሕመም ግን ሐኪም ይፈልጋል። እግሯን ወደ ኋላ ስታነሣ ወገቧን ከወጋትም እንደዚሁ፤ በዚህ ዕድሜ የወገብ አጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ዳንሰኞች መደበቅ ይችሉበታል፤ ደረጃ ስትወርድ እዩዋት።

በ13 ዓመቷ ብትጀምር ረፍዷል?

ሚስቲ ኮፕላንድ የጀመረችው በ13 ዓመቷ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በአንድ የወጣቶች ማዕከል የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ። በ2015 በአሜሪካን ባሌት ቲያትር ታሪክ የመጀመሪያዋ አፍሪካ አሜሪካዊት ዋና ሴት ዳንሰኛ ሆነች። እንደ እሷ ያለ ሰውነትና ፍጥነት ግን ከብዙ ሺህ አንድ ነው። የ13 ዓመት ጀማሪ መጠየቅ ያለባት «ከትንንሽ ልጆች ጋር ባር ለመቆም እችላለሁ?» ብላ ነው። አንዳንድ ቤቶች ዘግይተው ለጀመሩ ወጣቶች የተለየ ክፍል አላቸው፤ እሱን ፈልጉ። ዘመናዊ ዳንስ ደግሞ ዘግይቶ ለጀመረ ሰው ሰፊ በር አለው። በአዲስ አበባ በ1990ዎቹ የጎዳና ልጆችን ያሠለጠነው አዱኛ የዳንስ ቡድን ያፈራቸው ጁነይድ ጀማልና አዲሱ ደምሴ ከሕፃንነት የባሌት ትምህርት ቤት አልመጡም፤ ዛሬ ግን በዓለም መድረክ የሚታወቁ ናቸው።

አዲስ አበባ ያለችው የእህቴ ልጅ ከዩቲዩብ እየተማረች ነው። ችግር አለው?

መተጣጠፍን፣ ምትንና ፍቅሩን ከቪዲዮ ታገኛለች። እርማት ግን አታገኝም። አቋሟን ጎኗ ቆሞ የሚያይ ሰው ከሌለ ስሕተቱ በየቀኑ እየጠነከረ ይሄዳል። ፖይንት ጫማ ደግሞ ከውጭ እንዳትልኩላት። «ከአሜሪካ ላኪልኝ» ስትባሉ እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኔም ተለምኜ አልላክሁም፣ ለስላሳውን ጫማ ነው የላክሁት። ወለሉንም ጠይቁ። ሴራሚክና ሲሚንቶ ላይ መዝለል ቅልጥምን ይጎዳል፤ ከሥሩ ትንሽ የሚለጠጥ የእንጨት ወለል ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ ባሩን ትሥራ፣ ዝላዩን ትተወው።

15 ዓመት ሞላት፤ ሙያዬ ይሁን አለች። አሁን ምን አደርጋለሁ?

በመጀመሪያ አስተማሪዋን ለብቻ አግኟት። «ልጄ ጎበዝ ናት ወይ?» አትበሏት፤ ሁሉም አዎ ይላል። «ካሠለጠንሻቸው ውስጥ ባለፉት አምስት ዓመታት ቡድን የገባ ማነው? የኔ ልጅ በዚያ ዕድሜ ከነበሩት ጋር ስትነጻጸር የት ናት?» በሏት። ቀጥተኛ መልስ ካልመጣ የሌላ ቤት አስተማሪ እንድታያት አድርጉ። የክረምት ጥልቅ ሥልጠናዎች ለዚህ ይጠቅማሉ። ፈተናቸው በአብዛኛው ጥርና የካቲት ላይ ነው፤ ትልልቅ ትምህርት ቤቶችም ልጅ የሚመርጡት ከዚያ ነው። ከ1973 ጀምሮ ስዊዘርላንድ ውስጥ የሚካሄደው ፕሪ ደ ሎዛን ከ15 እስከ 18 ዓመት ላሉ ነው፤ እዚያ ደረጃ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው።

ከ17 እስከ 19 ባለው ጊዜ አብዛኞቹ ሠልጣኝ ወይም ተለማማጅ ሆነው ቡድን ይገባሉ። ክፍያው ትንሽ ነው፤ አንዳንዱ ቦታም ጭራሽ የለም። ከዚያ ኮር ደ ባሌ የሚባለው የኅብረት ዳንሰኛ፣ ሶሎይስት፣ ዋና ዳንሰኛ። ፓሪስ ኦፔራ ላይ አምስት እርከን አለ፤ የላይኛው ኤትዋል ይባላል፣ ኮከብ ማለት ነው። እዚያ ዳንሰኞች በ42 ዓመታቸው ጡረታ ይወጣሉ። በሌላው ቦታ ብዙዎች ከዚያም ቀድመው ያቆማሉ። ስለዚህ ሃይስኩሉን ትጨርስ። በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ለልምምድ ሰዓት ያመቻል። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ባሌትን በዲግሪ የሚሰጡም አሉ፤ ዳንሱንና ትምህርቱን አብራ መያዝ ትችላለች።

የእኔዋ በጥር ሦስት ፈተና አለባት። የወረቀት ቁጥር ደረቷ ላይ በአራት መርፌ ቁልፍ ይሰካል፤ እንዳይገለበጥ አራቱም ጥግ መያዝ አለበት። ትርፍ ታይት፣ የተሰፋ ሁለተኛ ጥንድ፣ ውኃና ቆሎ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቷል። ወላጅ ከበሩ አያልፍም። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ በግድግዳው በኩል የሚመጣውን ፒያኖ እሰማለሁ፤ መጀመሪያ የሚመጣው ቀስ ያለው ሙዚቃ የፕሊዬው ነው።